ፔዳ አካባቢ ያለችው ኮፒ ቤት፦ ታይፑ ግሩም፣ የፎቶ ሕትመቱ አይነሣ

ባሕር ዳር ሆናችሁ በእጅ የተጻፈ ረዘም ያለ ነገር የምታስተይቡ ከሆነ ይቺ ለእናንተ ናት። የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አካባቢ ኮፒ ቤት እንደ አሸን ነው የፈላው። አብዛኞቹ ግን የሚፈልጉት ፍላሹን ሰክቶ፣ ፕሪንት አስደርጎ የሚሄድ ተማሪ ነው። የእጅ ጽሑፍ ስታሳዩአቸው ፊታቸው ይጠቁራል። እኔ የምነግራችሁ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ስላለችው፣ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ያረጀ ኮፒ ማሽን ስላላት ጠባብ ቤት ነው። ስሟን አልጽፍም፤ ታች ስለ ፎቶው የምለው ስላለ ሰዎቹን ማሳጣት አልፈልግም።

ያስተየብኩት ለትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ የጻፍኩትን ነው። ርእሱ አሊ ሳስትሮአሚጆዮ። ማነው ደግሞ እሱ ትሉኛላችሁ። የኢንዶኔዥያውን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሱካርኖን ብዙ ሰው ያውቃል። አሊ ግን ከ1953 እስከ 1955፣ ከዚያ ደግሞ ከ1956 እስከ 1957 የኢንዶኔዥያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረ፣ የእስያና የአፍሪካ አገሮች ባንዱንግ ከተማ ላይ ያደረጉትን ጉባኤ የጠነሰሰና የመራ ሰው ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ ከተገኙት 29 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ እኛ ግን የሰውየውን ስም እንኳ አናነሣም።

ታይፒስቷ ወጣት ናት። ገና ስትጀምር ስሙን አንዴ አስጽፋኝ፣ በሁለት ፊደል አሳጥራ ኮምፒውተሩ ላይ መዘገበችው። ሁለቱን ፊደል ስትመታ ሙሉ ስሙ ከች ይላል። እስከ መጨረሻው ገጽ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሌላ ቤት ቢሆን በየገጹ አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር የሚወለድልኝ።

ደግሞ ታነባለች። ብዙ ታይፒስት ጣቱ ይሠራል እንጂ ነገሩን ልብ አይለውም። እሷ ትቆምና ትጠይቃለች። ያኔ ኢንዶኔዥያ የሆላንድ ቅኝ ግዛት ናት። ሆላንድ ላይደን ሕግ ይማር የነበረው አሊ በ1927 ከነጻነት ታጋዩ ሞሐመድ ሐታ ጋር ታስሮ፣ በዓመቱ ሄግ ላይ ፍርድ ቤት በነጻ እንደለቀቃቸው ስትጽፍ፣ «መምህር፣ ገዢዎቹ ራሳቸው ናቸው የለቀቋቸው?» አለችኝ። አዎ፣ የሆላንድ ዳኞች ናቸው አልኳት። «እዚያው አገራቸው ቢያዙስ ኖሮ?» ብላ ቀጠለች። ጥያቄዋ ገባኝ። ሱካርኖ ጃቫ ውስጥ ባንዱንግ ላይ ሲከሰስ በ1930 አራት ዓመት ነው የተፈረደበት። ይህን እዚያው ቆሜ በአንድ መስመር አስጨመርኳት፤ ለጭማሪውም አላስከፈለችኝም።

ከሁሉ የቆየነው ባንዱንግ ላይ ነው። አሊ የጉባኤውን ሐሳብ በ1954 ኮሎምቦ ላይ ሲያነሣ የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ ብዙም አልተዋጠላቸውም ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቦጎር ላይ ኢንዶኔዥያ፣ ህንድ፣ ፓኪስታን፣ በርማና ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ተስማሙና፣ በኤፕሪል 1955፣ በእኛ ሚያዝያ 1947 መሆኑ ነው፣ ድሮ የሆላንዶች መዝናኛ ክበብ በነበረ አዳራሽ እንግዶቹን ተቀበሉ። ሱካርኖ ከፈተው፣ አሊ ሰብሳቢ ሆነ። ከአፍሪካ የመጡት ስድስት ብቻ ናቸው፦ ግብጽ፣ ኢትዮጵያ፣ ላይቤሪያ፣ ሊቢያ፣ ሱዳንና የዛሬዋ ጋና። የመጨረሻዎቹ ሁለቱማ ያኔ ገና ነጻ እንኳ አልወጡም። በሰባት ቀን ውስጥ 10 መርሖች አውጥተው ተለያዩ።

«እሺ፣ ለእኛ ምን ጠቀመን?» አለች ልጅቷ። ባሕር ዳር ተቀምጦ ይህን መመለስ አይከብድም። ፖሊ የምንለው የከተማችን ፖሊቴክኒክ በ1963 የተከፈተው በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ነው። በዚያው ሰሞን ጦራችንን የምታስታጥቀው ደግሞ አሜሪካ ነበረች። ከሁለቱም መቀበል፣ ለአንዱም ጠቅልሎ አለማደር፤ የባንዱንግ መንፈስ የሚባለው ነገር ወደ ጣና ዳር የመጣው በዚህ በኩል ነው ባይ ነኝ። የታሪክ ሰዎች ይከራከሩኝ ይሆናል። ይከራከሩኝ።

አገሩ ውስጥ ግን አሊ አልቀናውም። ከጉባኤው ሁለት ወር በኋላ መንግሥቱ አዲስ የምድር ጦር ኤታማዦር ሹም ሲሾም፣ የጦሩ አዛዦች ሥነ ሥርዓቱ ላይ ሳይገኙ ቀሩ። የጦሩ ማርሽ ባንድም ስለቀረ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ባንድ ተጠርቶ ተጫወተ። እዚህ ላይ ታይፒስቷ ሳቋ አመለጣት፤ ኮፒ የሚያስነሡ ልጆች ሁሉ ዞረው አዩን። አሊ በጁላይ ሥልጣኑን አስረከበ። በዚያ ዓመት ምርጫ ፓርቲው አንደኛ ወጥቶ በ1956 ተመለሰ፣ ነጻነት ሲገኝ ከሆላንድ ጋር በ1949 የተገባውን ውል አፈረሰ፣ ሱማትራ ደሴት ላይ ኮሎኔሎች አመፁበት፣ በማርች 1957 ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀ። በዚያኑ ቀን ሱካርኖ አገሪቱን በወታደራዊ ሕግ ሥር አደረጋት። ለእኔ ሰውየው ለውጭ ጉዳይ የተፈጠረ ነበር፤ የካቢኔ ሽኩቻ አልሆነለትም።

አሁን ወደ ፎቶው። የባንዱንግን አዳራሽ ፎቶ ሰጥቻቸው ጥቁርና ግራጫ አድርገው መለሱልኝ። የማንም ፊት አይለይም፤ ኔህሩን ከአሊ የምለየው በቆባቸው ቀለም ብቻ ነው። ቶነሩ አልቆ እንዳይሆን ብል ባለቤቱ «ፎቶው ራሱ አርጅቶ ነው» አለኝ። ያንኑ ፎቶ ሌላ ቤት ወስጄ ባሳትመው ጥርት ብሎ ወጣ። ስለዚህ ፎቶና ካርታ እዚያ አታሠሩ። ጥራዝም ቢሆን ስፓይራል ብቻ ነው ያላቸው፤ ጠንካራ ሽፋን የፈለገ ሌላ ቦታ ይሂድ።

የታይፑ ዋጋ ከጎረቤቶቹ ከፍ ይላል። እርማት ግን አያስከፍሉም፣ ስለዚህ ተደማምሮ ያው ነው። ጄኔሬተር የላቸውም፣ መብራት ሲሄድ ሥራ ይቆማል፤ ታይፒስቷ ግን በየአንቀጹ ሴቭ ስለምታደርግ አንድ መስመር አልጠፋብኝም። የመመረቂያ ወረቀት በሚጎርፍበት ሰሞን አትሞክሩት፣ መቀመጫም አይገኝ። ደግሞ በጠዋት ሂዱ። ከሰዓት የምትሠራው ሌላ ልጅ ናት፤ እሷም ፈጣን ናት፣ ግን ምንም አትጠይቅም።