የእንጦጦ ደረጃችንን ላቆሙልን ግንበኛ፦ እጅዎ ይባረክ!

ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ እንጦጦ ዳገቱ ላይ ነው የምንኖረው። ሰፈራችን መኪና አይገባም። ያለን አንድ የድንጋይ ደረጃ ነው፤ 74 መርገጫ አለው። ከሽማግሌዎቻችን አንድም ሲሠራ ያየ የለም፤ ሁሉም ተሠርቶ ነው ያገኙት። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ወደ ደፉባት እንጦጦ ማርያም የሚወጣው ምእመን፣ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች፣ ተማሪው ሁሉ በሱ ነው የሚያልፈው።

አምና አዋጥተን አሠርተነው ነበር። የመጡት ሰዎች ላዩን ሲሚንቶ ለቅልቀውት ሄዱ። አንድ ክረምት አልቆየም፣ ተላጠ። እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ወድቃ እጇ ተሰበረ።

እኚህን ግንበኛ ያገኘናቸው በእድራችን ዳኛ በኩል ነው። የመጀመሪያ ቀን መዶሻ እንኳ አላነሱም። ከላይ እስከ ታች እየወረዱ ጎርፉ የሚገባበትን ፈለጉ። «የጎዳው እግር አይደለም፣ ውሃ ነው» አሉን። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ከድንጋዩ ጀርባ ገብቶ አፈሩን ይጠርገዋል፤ ድንጋዩ ባዶ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ በጎን ቦይ አስቆፈሩ። ግንቡን ደግሞ ከታች ጀመሩ፤ የላይኛው ድንጋይ የታችኛውን ረግጦ ነዋ የሚቀመጠው! እያንዳንዱን ውሃ እንዳይተኛበት ትንሽ ወደ ፊት አዘነበሉት። ከፍታውን በገመድና በውሃ ልክ እኩል አደረጉት። እግር የለመደው ከፍታ ድንገት ሲለወጥ ነው ሰው የሚደናቀፈው።

እኔን በጣም የነካኝ ግን ሌላ ነው። እኛ ድንጋዩን በአዲስ ልንለውጠው ነበር። «ይሄ ድንጋይ ምን አጠፋ?» አሉ። አንድ በአንድ አውጥተው፣ አጥበው ወደ ቦታው መለሱት። ተሞልጮ የሚያንሸራትተውን እንደ ወፍጮ ወቀሩት። አዲስ የገባው 6 ብቻ ነው። ከሲሚንቶው የተረፈውን ብር እስከ ሳንቲሙ አስረከቡን።

ዳገት ላይ የምትኖሩ፣ ደረጃም ሆነ የአፈር መደገፊያ ግንብ የምታሠሩ፣ በሙሉ ልቤ እጠቁማችኋለሁ። ለሚቸኩል ሰው ግን አይሆኑም፤ የኛ 5 ሳምንት ፈጅቷል። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ሐምሌ ሙሉውን ዘነበ። አንድም ድንጋይ አልተነቃነቀም። በ21 እናቴ ለማርያም ወጥታ፣ የማንንም እጅ ሳትይዝ ወረደች።