አንድ ወይን፣ ሁለት ጠርሙስ፦ የጆርጂያን ወይን ስትገዙ ጋኑን ወይስ የብረት ታንከሩን?

ጆርጂያ ስል የአትላንታዋን ማለቴ አይደለም። ካውካሰስ ተራሮች ሥር ያለችውን፣ ወይን ሲጠመቅባት 8,000 ዓመት ገደማ የሆናትን አገር ነው። የወይኗ መደርደሪያ ጋ ስትደርሱ ግር የሚል ነገር አለ። የጠመቀው ቤተሰብ አንድ ነው፣ የወይኑም ዓይነት አንድ ነው፦ ርካጺቴሊ የሚባል ነጭ ወይን። ግን አንዱ ጠርሙስ ጥርት ያለ ነው፤ ሌላው ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል። ሻይ የሚመስለው ብዙውን ጊዜ ይወደዳል።

ልዩነቱ የተጠመቀበት ዕቃ ነው። ሻይ የሚመስለው ክቬቭሪ ውስጥ ነው የከረመው። ክቬቭሪ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። እንደኛ ጋን ጓዳ ጥግ አይቀመጥም፤ እስከ አፉ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ከሺህ ሊትር በላይ የሚይዝ ብዙ አለ። ውስጡ በንብ ሰም ይቀባል። በምሥራቋ ካኬቲ ወይኑ በመከር ተለቅሞ ይጨመቅና ከነልጣጩ፣ ከነፍሬው፣ ብዙ ጊዜም ከነዘለላው እንጨት ይገለበጥበታል። በባህሉ እርሾ የሚጨምርበት የለም፤ ልጣጩ ላይ ያለው ይበቃዋል። ፍላቱ ሲበርድ ጋኑ ይከደናል፤ አምስት ስድስት ወር ከነአተላው ይተኛል። ቀለሙም፣ ምላስ የሚይዘው ነገርም ከዚያ ነው የሚመጣው። ዩኔስኮ ይህን አጠማመቅ በ2013 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ለምን ተወደደ ለሚል፣ እጥበቱን ያስብ። ጋን በግራዋ አሽታ በወይራ ያጠነች ሴት ወዲያው ይገባታል። እዚያ ደግሞ ጋኑ ተቀብሯል፤ ገልብጦ ማጠብ የለም። ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ በታሰረ የቼሪ ዛፍ ቅርፊት ይፈገፈጋል። ትልቅ ከሆነ ሰው ራሱ ይገባበታል።

ጥርት ያለው ጠርሙስ ታሪኩ አጭር ነው። ጭማቂው ከልጣጩ ቶሎ ይለያል፤ በማቀዝቀዣ ሙቀቱ በሚጠበቅ የብረት ታንከር ይፈላል፤ ይጣራል። ቀለል ያለ፣ አረንጓዴ ፖም ፖም የሚል ወይን ይወጣል። ትልቁ ጥቅሙ አያስደነግጥም። የክቬቭሪው ያስደነግጣል፦ እኔ አንዴ ከአንድ ሱቅ ያመጣሁት ኮምጣጤ ሆኖ ነው የተከፈተው።

ለዚህ ነው ሁለቱንም የሚያውቅ ቤት የምመርጠው። የአያት ጋን እንዳለ ሆኖ አጠገቡ ታንከር የተከሉ፣ ፍሬውን ለቅመው የተበላሸውን የሚጥሉ፣ ወይኑን እየቀዱ ላቦራቶሪ የሚያስመረምሩ ቤተሰቦች ካኬቲ ውስጥ አሉ። አንዳንዶቹ ከጋን የወጣውን ከታንከሩ ጋር ይቀላቅሉታል። ባህሉ ተበረዘ የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ለኮምጣጤ ሁለተኛ አልከፍልም።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት ሁለቱን ርካጺቴሊ ከተረፈ ዶሮ ወጥ ጋር ገበታ ላይ አቀረብኳቸው። የጋኑ ሽታው የደረቀ አፕሪኮት፣ ትንሽም ለውዝ ነው። ብቻውን ሲጠጣ ግሩም። ከወጡ ጋር ግን ያ ምላስ የሚይዘው ነገር በርበሬውን አቀጣጠለው። ባለቤቴ ብርጭቆውን ገፋ አድርጎ ውሃ ጠየቀ። የታንከሩ ቀዝቅዞ ስለነበር አፍ አበረደ፤ ግን ከዶሮው አጠገብ ጣዕሙ ጠፋ። ቀኑን ያዳነው እኔ ንቄ ጥግ ያስቀመጥኩት ኪንዝማራዉሊ ነው። ከሳፔራቪ ቀይ ወይን የሚጠመቅ፣ ስኳሩ ሳያልቅ ፍላቱ የሚቋረጥ፣ ጣፈጥ የሚል ወይን ነው። ጣፋጭ ወይን አልወድም እያልኩ ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ።

ስለዚህ ቀይ ወጥ ካለ ኪንዝማራዉሊ። ዓሣ ወይም የጾም አትክልት ካለ የታንከሩ። ጥብስ፣ አይብ፣ ለውዝ ካለ ወይም ቁጭ ብላችሁ የምታወሩ ከሆነ የጋኑ። ደረቅ ቀይ የምትሉ ሙኩዛኒ የሚል ፈልጉ፤ እሱም ሳፔራቪ ነው፣ በኦክ በርሜል የቆየ።

ስትገዙ ቀለም ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። ልጣጩ ከጭማቂው ጋር ከቆየ ታንከር ውስጥም ወይን ሻይ ይመስላል። ጠርሙሱ ላይ ክቬቭሪ የሚል ቃል ፈልጉ። ቀዩ ላይማ ቀለም ጨርሶ አይረዳም፤ ሳፔራቪ ሥጋው ራሱ ቀይ ስለሆነ በየትም ቢጠመቅ ይጠቁራል። ስሙም ማቅለሚያ ከሚል ቃል የመጣ ነው። የጋኑ ወይን ሥር አተላ ቢታይ ተበላሽቶ አይደለም፤ ቀስ ብሎ መቅዳት ነው። ከፍሪጅ አውጥታችሁም ወዲያው አትቅዱት፤ በጣም ሲቀዘቅዝ መጎምዘዙ ብቻ ይቀራል። 14 ዲግሪ አካባቢ ይስማማዋል።

የዚያን ቀን ባለቤቴ የገፋውን ጠርሙስ ቡሹን መልሼ ፍሪጅ ከተትኩት። በሦስተኛው ቀን ከአይብ ጋር ስቀዳ፣ ብርጭቆውን ይዞ የመጣው እሱው ነው።