ዳፒ፦ የባክቴሪያ ክሮሞዞም ሲለያይ ለማሳየት ከእጄ የማይለይ ቀለም

የማይክሮባዮሎጂ ተማሪዎችን ላብራቶሪ ውስጥ አለማምዳለሁ። ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ በማይክሮስኮፕ ሥር ሰማያዊ የሚያበራው ዳፒ በእጄ ካሉ ቀለሞች ሁሉ ዋጋውን በሚገባ የሚመልስ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚመጣው 10 ሚሊግራም ቢጫ ዱቄት በያዘች ትንሽ ብልቃጥ ነው። ማነሷን አይታችሁ አትናቋት፤ ለአንድ ሚሊ ሊትር 1 ማይክሮግራም ይበቃል፣ ስለዚህ ከአንዷ ብልቃጥ 10 ሊትር ማቅለሚያ ይወጣል።

አበጠባበጡ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፎስፌት ባለበት በፈር (አሲድነቱ በቀላሉ የማይለዋወጥ መፍትሔ) በደንብ ስለማይሟሟ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ በጥብጡት፤ የምታቀጥኑት ከዚያ በኋላ ነው። የተረፈውን በትንሽ በትንሹ ከፋፍላችሁ፣ በፎይል ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ዲኤንኤ ላይ የሚጣበቅ ነገር ስለሆነ ያለ ጓንት አይነካም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ክሮሞዞም (ዲኤንኤው) 4.6 ሚሊዮን ያህል የፊደል ጥንድ አለው፤ ቢዘረጋ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የተቀመጠው ግን ርዝመቱ 2 ማይክሮ ሜትር አካባቢ በሆነ ሴል ውስጥ ነው። በዳፒ የቀለመውን ስላይድ በ100 እጥፍ የዘይት ሌንስ ስታዩ፣ አጭሩ ሴል ውስጥ አንድ ሰማያዊ ጉብታ ይታያል። ረዘም ያለው ውስጥ ጉብታው መሀሉ ላይ ቀጥኗል። ሊከፈል የደረሰው ውስጥ ደግሞ ሁለት ሆኖ፣ በመካከላቸው ጥቁር ክፍተት አለ። ሴሉ የሚቆረጠው እዚያ ክፍተት ላይ ነው፤ ስልምኤ የሚባል ፕሮቲን ዲኤንኤው ላይ ተቀምጦ ሴሉን የሚከፍለው ቀለበት ክሮሞዞሙ ላይ እንዳይሠራ ይከላከላል። ይህን በሰሌዳ ላይ ስስል ፊታቸው የማይፈታ ተማሪዎች ስላይዱን ሲያዩ ወዲያው ይገባቸዋል።

ከሁሉ የምወደው በሲፕሮፍሎክሳሲን የታከመውን ስላይድ ነው። ሁላችንም ከፋርማሲ የምናውቀው ይህ መድኃኒት፣ ተያይዘው የቀሩትን ሁለት ክብ ክሮሞዞሞች የሚያላቅቀውን ቶፖአይሶሜሬዝ 4ን ጨምሮ የሁለት ኢንዛይሞችን ሥራ ያግዳል። ሴሎቹ ሳይከፈሉ እንደ ክር ይረዝማሉ፤ ሰማያዊው ግን መሀል ላይ እንደተቋጠረ ይቀራል። መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ዳፒ ዲኤንኤውን ሁሉ በአንድ ላይ ስለሚያበራ የትኛው የክሮሞዞሙ ክፍል ቀድሞ እንደሄደ አይነግራችሁም። ለምሳሌ ካውሎባክተር በሚባለው ባክቴሪያ፣ ፓርቢ የሚባለው ፕሮቲን ከክሮሞዞሙ መነሻ (መቀዳት ከሚጀምርበት ቦታ) አጠገብ ይያያዛል፤ ፓርኤ የሚባለው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ አንዱን የመነሻውን ቅጂ ወደ ሌላኛው የሴሉ ጫፍ ይወስደዋል። ይህን ጉዞ በዳፒ ማየት አይቻልም፤ ፓርቢው ላይ አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን የተቀጠለበት ዝርያ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ቀለሙን የሚያበራው ወደ አልትራቫዮሌት የተጠጋ ብርሃን ዲኤንኤ ስለሚጎዳ፣ ሕያው ሴል እየተከፈለ ሲሄድ ለረጅም ሰዓት ለመከታተል አልመክረውም። ዳፒ ቆሞ ለተያዘ ሴል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዳፒ መጀመሪያ የተሠራው በ1971 ጀርመን ውስጥ በኦቶ ዳን ላብራቶሪ፣ ትሪፓኖሶም የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ለሚያመጣው በሽታ መድኃኒት ሲፈለግ ነው። ከብቶቻችንን የሚፈጀው ገንዲ የዚሁ በሽታ ወገን ስለሆነ ይህን ለተማሪዎቼ ሳልነግር አላልፍም።

የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ካላችሁ ሳታመነቱ ግዙት። ስታዝዙ ዳይሃይድሮክሎራይድና ዳይላክቴት የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ታገኛላችሁ፤ በውሃ ይበልጥ የሚሟሟው ዳይላክቴቱ ነውና እሱን ምረጡ።