ዲግሪ ሳልይዝ ፋርማሲ እንድገባ መንገዱን ላሳዩኝ ጋሼ

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ናችሁ? ይሄ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ በተለይ ፋርማሲ ውስጥ በቴክኒሻንነት እየሠራችሁ "እኔስ መቼ ነው ፋርማሲስት የምሆነው?" የምትሉ ካላችሁ አንብቡት።

ከመጪው ፎል ጀምሮ የፋርም ዲ (የፋርማሲ ዶክትሬት) ተማሪ ነኝ። ተመስገን! ባችለር ግን የለኝም።

የማመሰግናቸው ሰው ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ኮሙኒቲ ኮሌጅ የተማሪዎች አማካሪ ናቸው። የኛው ሰው ናቸው። "ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳላይ" ስላሉኝ ጋሼ ብቻ ብያቸው አልፋለሁ። ኮሌጁ ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚጠራቸውም እንዲሁ ነው።

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለሁ ዲቪ ደረሰኝና ትምህርቱን ጥዬ መጣሁ። ከዚያ ያው የምታውቁት ነው፤ ሥራ፣ ልጅ፣ ኪራይ። ፋርማሲስት የመሆን ሐሳቡ የመጣልኝ ቴክኒሻን ሆኜ ባንኮኒው ጀርባ ከቆምኩ በኋላ ነው። ሰው ሳማክር መልሱ አንድ ነበር። "መጀመሪያ ባችለርሽን ያዢ።" ቤተ ክርስቲያን ቡና ላይም ይሄው፣ ሥራ ቦታም ይሄው። "የትምህርት አማካሪ ነኝ" የሚል አንድ ሰው ደግሞ ባችለር ሊያስጀምረኝ ዳጎስ ያለ ብር ጠየቀኝ። አራት ዓመት ለባችለር፣ አራት ዓመት ለፋርማሲ። ልጆቼ ቀድመውኝ ይመረቃሉ ብዬ ተውኩት።

ጋሼ ጋ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። የአገር ቤቱ ትምህርቴ ይያዝልኝ እንደሆነ ልጠይቅ ነው። እሳቸው ግን ትራንስክሪፕቱን ገና ሳያዩ "ምን ለመሆን ነው የምትማሪው ልጄ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ታዲያ ባችለሩን ማን ጠየቀሽ?"

እዚህ አገር አሁን ፋርማሲስት ለመሆን የሚያስፈልገው ዶክተር ኦፍ ፋርማሲ፣ ማለትም ፋርም ዲ ነው። ድሮ የፋርማሲ ባችለር ይበቃ ነበር፤ እሱ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ቀርቷል። ፋርም ዲ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ይፈጃል። ለመግባት ግን አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ባችለር የግድ አይሉም። የግድ የሚሉት ቅድመ ፋርማሲ ኮርሶችን ነው። ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ካልኩለስ፣ ስታትስቲክስ፣ እንግሊዝኛና ሌሎችም። ሲደመር 60 ክሬዲት ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ሙሉ ጊዜውን ለሚማር ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው። አብዛኛው ደግሞ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ውስጥ በርካሽ ይገኛል።

ይሄንን ጎግልም ይነግራችኋል። ጋሼ ያደረጉት ግን ከዚህ ያለፈ ነው። ቢጫ ወረቀት ሳቡና በማስመሪያ ሠንጠረዥ ሠሩ። ወደ ታች ኮርሶቹን፣ ወደ ጎን ትምህርት ቤቶቹን ጻፉ። ዲሲ ያለው ሐዋርድ። ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትምህርት ቤት፣ ከ1841 ጀምሮ ያለው አንጋፋ። እዚያው ባልቲሞር ኖትር ዳም ኦፍ ሜሪላንድ። ፋርም ዲን በሦስት ዓመት የሚያስጨርሰው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኢስተርን ሾር። ቨርጂኒያ ያለው ሸናንዶዋ። ከዚያ የየትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ እየከፈቱ፣ በሚፈለገው ኮርስ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ማድረግ ጀመሩ። አንዱ ፊዚክስ ይፈልጋል፣ ሌላው አይፈልግም። አንዱ ኢኮኖሚክስ ይጠይቃል። ሁሉም ጋ ኤክስ ያለባቸውን ከበቡና "እነዚህን ቅድሚያ ትወስጃለሽ። የትም ብትገቢ አይባክኑም" አሉኝ። ፎቶውን ለጥፊልን እንዳትሉኝ፤ መስፈርቱ በየዓመቱ ይቀያየራል።

አንድ ትምህርት ቤት ኦንላይን የተወሰደ የላብራቶሪ ትምህርት ይቀበል አይቀበል ድረ ገጹ ላይ አልተጻፈም። "እንገምታለን እንዴ?" ብለው ስልኩን አነሱና እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍተው የመግቢያ ቢሮውን ጠየቁ። መልሱን የሰጠችውን ሴት ስምና ቀኑን ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉ። እኔ ደሞዝ ተከፍሎት እንዲህ የሚሠራ ሰው ብዙ አላየሁም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን የኬሚስትሪው ነገር ነው። ጄኔራል አንድ ሳይያዝ ሁለት የለም። ሁለት ሳይያዝ ኦርጋኒክ የለም። ኦርጋኒክም ራሱ ሁለት ነው። በጠቅላላ አራት ሴሚስተር፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ቀለል ያሉትን ቀድሞ ጨርሶ ኬሚስትሪን ለኋላ ያቆየ ሰው መግቢያው በዓመት ይገፋበታል። "የምትገቢበትን ቀን የሚቆርጠው ኬሚስትሪ ነው፤ ሌላው ጎን ለጎን ይሄዳል" አሉኝ።

የአገር ቤቱን ትምህርት በተመለከተ እቅጩን ነገሩኝ። አስገምግሞ ማቅረብ ይቻላል፤ ግን ብዙ ፋርማሲ ትምህርት ቤቶች ከውጭ የመጣ የሳይንስ ኮርስ ለቅድመ ፋርማሲ አይዙም። አንዳንዶቹ ደግሞ ዕድሜው የገፋ የሳይንስ ኮርስ አይቀበሉም። ኬሚስትሪውን እዚሁ ደገምኩት።

አስጠንቅቀውኛልም። ባችለር ሳትይዢ ገብተሽ መሀል ላይ ብትተዪው ባዶ እጅሽን ነው የምትወጪው አሉኝ። ስለዚህ ኮርሶቹን ሲያደላድሉ የኮሌጁ አሶሼት ዲግሪም (የሁለት ዓመቱ) አብሮ እንዲያልቅ አድርገው ነው። ባችለር ያለውን አመልካች የሚያስቀድሙ ትምህርት ቤቶች መኖራቸውንም አልደበቁኝም። ገና ወጣት ሆኖ የባችለሩ መጨረሻ ላይ የደረሰ ልጅ ካለ፣ በኔ ግምት ቢጨርሰው ይሻለዋል። የኔ ዓይነት ኑሮ ላለው ግን አይመስለኝም።

ማመልከቻው የሚሞላው ፋርምካስ በሚባል አንድ የጋራ ድረ ገጽ ነው። በየዓመቱ በሰመር ይከፈታል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ እንደደረሳቸው ስለሚያዩ በጊዜ ያስገባ ይጠቀማል። ኮርሶቹን ሁሉ መጨረስም አያስፈልግም። እየተማራችሁ ያላችሁትንና ወደፊት የምትወስዱትን ለይቶ የማስገቢያ ቦታ አለው። እኔ ሳመለክት ኦርጋኒክ ሁለት ገና አልጀመርኩም ነበር። ከተቀበሏችሁ ቅበላው በቅድመ ሁኔታ ነው፤ የቀረውን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በሚፈለገው ውጤት ማለፍ አለባችሁ። ፒካት የሚባለው የመግቢያ ፈተና ደግሞ ከጃንዋሪ 2024 በኋላ ቀርቷል። አሁንም መጽሐፉን የሚሸጡላችሁ ካሉ ብራችሁን ያዙ።

ጋሼ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። "አሜሪካ ውስጥ ሌላ ቦታ ተምረሻል? አንድ ክፍልም ቢሆን?" እንደመጣሁ ቬጋስ እያለሁ አንድ የእንግሊዝኛ ኮርስ ወስጄ ነበር። ፋርምካስ የተማራችሁበትን ኮሌጅ ሁሉ ትራንስክሪፕት ይፈልጋል፣ ያቋረጣችሁትንም ጭምር። ከሌለ ማመልከቻው አይንቀሳቀስም። ያን ጊዜ ባይጠይቁኝ ኖሮ ዓመቱ ሄዶብኝ ነበር።

ስለራሴ የምጽፈውን ድርሰት አልጻፉልኝም። አንብበው ግማሹን ሰረዙት። ቦታው 4,500 ፊደል ነው፣ ክፍት ቦታውን ጨምሮ። እኔ ሰውን መርዳት ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ ብዬ ግማሽ ገጽ ሞልቻለሁ። "ይሄንን ሁሉም ይጽፈዋል። ባንኮኒው ላይ ያየሽውን ንገሪያቸው" አሉኝ። እኔም አንዲት እናታችንን ጻፍኩ። የደም ግፊት ኪኒን ይወስዱ ነበር። ሲለኩ ግፊቱ ወረደላቸው፣ ደህና ነኝ ብለው ኪኒኑን ተዉት። የወረደው በኪኒኑ መሆኑን በአማርኛ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። ኢንተርቪው ላይ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የጠየቁኝ ስለሳቸው ነው።

የገንዘቡንም ነገር ጠይቁ። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የመንግሥት ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች አይሰጥም። እንደ ፋርማሲ ላሉ የሙያ ትምህርቶች የቀረው የመንግሥት ብድር ጣሪያው በዓመት 50,000፣ በጠቅላላ 200,000 ዶላር ነው። ጋሼ በዚህ ጉዳይ ራሳቸው አልመለሱልኝም፤ ወደ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ነው የመሩኝ። የማያውቁትን አያወሩም።

አገር ቤት ፋርማሲ ጨርሳችሁ ለመጣችሁ ይሄ የናንተ መንገድ አይደለም። እናንተ በኤንኤቢፒ (የፋርማሲ ቦርዶች ብሔራዊ ማኅበር) በኩል የውጭ ተመራቂዎችን ማረጋገጫ፣ ኤፍፒጂኢሲ የሚባለውን ነው የምትይዙት። ከ2003 ወዲህ ለተመረቀ ሰው የአምስት ዓመት ትምህርት ይጠይቃል። እንደገና ከሀ ጀምሩ የሚላችሁ ካለ አትስሙት።

ደስ ሲለኝ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ይዤላቸው ሄድኩ። "ይሄ ጉቦ ነው፣ ምስክር ይኑር" ብለው ቢሮውን ሁሉ ጠርተው ቆረሱት። ለራሳቸው የቀረቻቸው ዳር ዳሯ ናት።

እንከናቸውንም ልንገራችሁ። ኢሜይል ቶሎ አይመልሱም። ቀጠሮ ለማግኘት፣ በተለይ ሴሚስተር ሊጀመር ሲል፣ መከራ ነው። ሲናገሩም አያለሳልሱም። ካልኩለስ ላይ ሲ ይዤ ስሄድ "ለምን?" ብለው ዝም ብለው አዩኝ። አሳብቤ ላመልጥ ብል እሺ አላሉኝም፤ ወደ ነጻው የማስጠኛ ክፍል ይዘውኝ ሄዱ።

ጋሼ፣ ይሄንን ካነበቡት ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጆቼም እርስዎንና ባለቤትዎን ሰላም ብለዋል።

ለምትፈልጓቸው፦ የኮሌጁን ስምና እሳቸው ያሉበትን ቢሮ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። አገልግሎቱ ለኮሌጁ ተማሪዎች በነጻ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ተመዝገቡ። ስትሄዱ የተማራችሁበትን ቦታ ሁሉ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ሰዓታችሁንና ማመልከት የምትፈልጉባቸውን ትምህርት ቤቶች ስም ጽፋችሁ ያዙ። ጠዋት ወረፋው ረጅም ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሂዱ።