የኬራላው የፊልም ፌስቲቫል፣ ፊልም ለሚወድ ሰው በጣም አሪፍ ነው
ህንድ ሲባል ቦሊውድ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይሄን የደቡብ ህንዷን የኬራላ ግዛት ፌስቲቫል እዩልኝ። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ አሁን የሚያዘጋጀው የኬራላ መንግስት የፊልም አካዳሚ ነው፣ ታህሳስ አካባቢ የግዛቷ ዋና ከተማ ቲሩቫናንታፑራም ላይ ይደረጋል። እኔ በጣም የወደድኩት የማላያላም (የኬራላ ሰዎች ቋንቋ) ፊልሞቹን ነው፣ በገዛ ቋንቋቸው የሰሩት ፊልም ከኢራንና ከላቲን አሜሪካ ፊልሞች እኩል ስክሪን አግኝቶ አዳራሹ ጢም ብሎ ሲታይ በቃ ልብ ይሞላል! ደግሞ ተመልካቹ፣ ተማሪው በሉት ባጃጅ ነጂው የዴሌጌት ካርዱን (የፌስቲቫሉን መግቢያ ካርድ) አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ፊልም ከሚታይባቸው አዳራሾች አንዱ በሆነው ታጎር ቲያትር ደጅ ላይ ስለ ዳይሬክተር ሲከራከር ታገኙታላችሁ፣ እንዲህ አይነት ህዝብ የትም አላየሁም። ወንበር ቀደም ብላችሁ ኦንላይን ያዙ፣ ወረፋው ቀላል አይደለም። ቋንቋው አያሳስባችሁ፣ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል አለው።