«ለካታማራን የተሰራ» የሚባለውን የካሜራ መያዣ እንዳትገዙ

ሰመር ሲቃረብ ማስታወቂያው ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ እንደገና መዞር ጀምሯል። ለትናንሽ ካታማራኖች (ጎን ለጎን የተያያዘ ሁለት አካል ላላቸው ጀልባዎች) ታስቦ የተሰራ፣ ባህር የሚችል፣ የማይዝግ፣ ሙሉ የአክሽን ካሜራ (ስፖርት ሲሰራ የሚታሰር ትንሽ ካሜራ) መያዣ ኪት ይላል። ዋጋው 89 ዶላር፣ «ለዛሬ ብቻ» 64። ለዛሬ ብቻ ይበል እንጂ ባለፈው ዓመትም የሚሸጠው በዚያው ዋጋ ነበር። እባካችሁ አትግዙት። እኔም ጓደኛዬም ገዝተነው የሁለታችንም ተሰብሯል። የእሱ ካሜራ እስካሁን ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው የባህር ወሽመጥ ውስጥ ነው።

እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሸራ ጀልባ የምናወጣ አበሾች ጥቂት ነን። አንዱ የተበላበትን ሌላው ሳይሰማ እንዳይደግመው ብዬ ነው የምጽፈው።

ብዙዎቻችን የያዝነው ሆቢ 16 የሚባል ያገለገለ ትንሽ ካታማራን ነው። 5 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ 145 ኪሎ ያህል ይመዝናል። እንደ ታንኳ የሚንሳፈፉ ሁለት ቀጫጭን አካሎች፣ እነሱን የሚያያይዙ የአሉሚኒየም አግዳሚዎች፣ መሀሉ ላይ የተወጠረ፣ የምንቀመጥበት ትራምፖሊን። ንፋስ ሲያገኝ ይበራል። በዚያ ፍጥነት አፍንጫው ውሃ ውስጥ ከገባ ግን በአፍጢሙ ይደፋል፣ ጎበዝ የሚባለው ነጂም ይገለበጣል። ስለዚህ እዚህ ጀልባ ላይ የሚታሰር ካሜራ በጸጥታ ውሃ ላይ መያዙ ምንም ማለት አይደለም። ጥያቄው ጀልባው ሲገለበጥ ይይዛል ወይ ነው። ይሄ ኪት አይዝም።

ክላምፑን፣ ማለትም ቧንቧ ላይ በብሎን የሚጠብቀውን ክፍል፣ ልንገራችሁ። የብስክሌት እጀታ ክላምፕ ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም። ያንኑ ክላምፕ በብስክሌት ስም በ12 ዶላር ታገኙታላችሁ። የሆቢው አግዳሚ ከብስክሌት እጀታ በጣም ስለሚወፍር በጭራሽ አይገባበትም። ሁለቱን መሪዎች በሚያገናኘው ቀጭን ቧንቧ ላይ ይገባል፣ ግን እሱ መሪውን በነካችሁ ቁጥር የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሆነ ቪዲዮው ሁሉ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ነው የሚውለው። ማስታወቂያው ላይ ታዲያ እንዴት ገጠመላቸው? ፎቶውን አስፉና እዩት። ጀልባው አሸዋ ላይ ቆሟል፣ ሸራው ወርዷል። መያዣው የተቀመጠው ምሰሶው ስር ነው፣ ልክ አቅጣጫ ስንቀይር የፊተኛው ሸራ ገመድ በሚያልፍበት ቦታ። እውነት ንፋስ ላይ ቢሆን ገመዱ መጀመሪያ የሚጠመጠመው እሱ ላይ ነው። ገመድ በተያዘ ሰዓት ሸራ መልቀቅ አይቻልም፣ ሸራ መልቀቅ ካልተቻለ መገልበጥ ነው። ይሄ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

«የማይዝግ» የተባለው ብሎንስ? ማግኔት አስጠጉበት። የእኔ ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ለባህር የሚሰራው 316 የሚባለው ብረት ማግኔት አይስበውም ማለት ይቻላል። የእኔ ብሎን ግን ጭንቅላቱ ላይ ያለው ቅብ ተላጠና ብርቱካንማ ዝገት ወጣበት፣ ዳዶው ከነአካቴው ተጣበቀ፣ በመጨረሻ ክላምፑን በመጋዝ ነው የቆረጥኩት። የቼሳፒክ ውሃ እንደ ውቅያኖስ ጨዋማ ሳይሆን ነው ይሄ የሆነው። ደግሞ እውነተኛ ስቴንለስ ቢሆንም እንኳ አሉሚኒየም ላይ በቀጥታ አይታሰርም። ጨው ባለበት ሁለቱ ሲነካኩ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። መሀሉ ላይ ጎማ ወይም ቴፕ ይደረጋል። ኪቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ መመሪያውም ቃል አይተነፍስም።

የሚረዝመው ዘንግ ከሁሉም ይብሳል። ካሜራው ራቅ ብሎ መላውን ጀልባ እንዲያሳይ ነው የታሰበው፣ ሀሳቡ ጥሩ ነው። ግን ውሃ ከአየር 800 እጥፍ ያህል ይከብዳል። ጀልባው ሲገለበጥ ያ ሁሉ ውሃ ካሜራውን ይገፋዋል፣ ዘንጉ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ካሜራውን በሚይዘው አንገቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል። ካሜራው የሚገባባቸው የፕላስቲክ ጥርሶች ስር ቀጭን ነጭ መስመር ካያችሁ ፕላስቲኩ መሰንጠቅ ጀምሯል ማለት ነው። የእኔ ላይ ነጩ መስመር በመጀመሪያው መውጫ ነው የታየው። የጓደኛዬ እዚያው ቦታ ላይ ቀጭ አለ።

እሺ፣ ይሰበር። የሴፍቲ ገመድ አለው አይደል? አለው፣ ግን የሚታሰረው ዘንጉ ላይ ነው! አንገቱ ሲሰበር ገመዱ ዘንጉን አስቀረ፣ ካሜራው ሄደ። ጎፕሮ የሚባለው አክሽን ካሜራ ከሂሮ 5 ብላክ ጀምሮ ባሉት የሂሮ ብላክ ሞዴሎቹ ያለ ተጨማሪ ሽፋን እስከ 10 ሜትር ውሃ ይችላል፣ የቼሳፒክ አማካይ ጥልቀት ደግሞ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ካሜራው ወዲያው ላይበላሽ ይችላል፣ ግን አይንሳፈፍም፣ ውሃው ድፍርስ ነው፣ ከስር ጭቃ ነው። ማን ያገኘዋል?

ኪቱ ውስጥ ያሉት፣ ጀልባው ላይ የሚለጠፉት የካሜራ መቀመጫዎች ላይ ብዙ አልቆይም። ጥሩው የ3ኤም ኩባንያ ማጣበቂያ በ20 ደቂቃ የኃይሉን ግማሽ ያህል፣ በ24 ሰዓት 90 በመቶውን፣ ሙሉውን በ72 ሰዓት ነው የሚይዘው። ያውም ሰሙ ጠፍቶ በአልኮል በተጠረገ ለስላሳ ቦታ ላይ። ከኪቱ ጋር የመጣው በጥፍር ሲነካ የሚፈረፈር ነጭ ስፖንጅ ነው፣ መመሪያው ደግሞ «30 ደቂቃ ጠብቀው ይጠቀሙ» ይላል።

በጣም ያናደደኝ ግን የሻጮቹ መልስ ነው። ፎቶ ላኩ አሉን፣ ላክን። ከዚያ «በጨው ውሃ ላይ መጠቀም ዋስትናውን ያስቀራል» ብለው ጻፉልን። ለባህር ጀልባ ብለው የሸጡትን እቃ! ስንከራከር 15 በመቶ እንመልስ አሉ። ሙሉ ብሩን ከፈለጋችሁ ደግሞ እቃውን በራሳችሁ ወጪ ባህር ማዶ ላኩ፣ የመላኪያው ዋጋ ከእቃው ይበልጣል።

የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ የማስታወቂያውን ስክሪንሾት አስቀሩ፣ ምክንያቱም እኛ ስንከራከር «ለባህር» የሚለውን ቃል ከገጹ አንስተውታል። በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ፣ ክፍያው ያለበት ስቴትመንት ከተላከላችሁ 60 ቀን ሳይሞላ ለካርድ ኩባንያው በጽሁፍ አቤት በሉ። ስልክ መደወል ብቻውን አይበቃም።

ካሜራ ማሰር ለምትፈልጉ፣ ለወፍራም ቧንቧ የሚሆን ክላምፕ ለብቻው ግዙ፣ ብሎኑን በማግኔት ፈትሹ፣ ዘንጉን አሳጥሩ። የኋላው አግዳሚ ዳር ላይ፣ የዋናው ሸራ ገመድ ከሚመላለስበት ራቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ጀርባው ላይ ተንሳፋፊ ስፖንጅ ለጥፉበት። ቀጭን ጠንካራ ገመድ በራሱ በካሜራው ሽፋን ላይ አስራችሁ ሌላውን ጫፍ ከጀልባው ጋር አያይዙ። ገመዱ ከአንድ ክንድ አይርዘም፣ ከረዘመ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው እግር ላይ ሊጠመጠም ይችላል።