ቦክሰር 150 ከዘጠኝ ወርና ከ12,000 ኪሎ ሜትር በኋላ፦ የሱሉልታ ሞተረኛ ለምን አይቀይረውም?

መጀመሪያ ስሙን እናጥራው። «ባጃጅ ገዛሁ» ያለ ሰው ሦስት እግር ያላት ሰማያዊዋ ናት የምትታሰብለት። ስለዚህ ኩባንያው ያው ባጃጅ ቢሆንም ሞተረኛው «ቦክሰር» ብሎ ያልፋል። እዚህ የሚገመገመው ባለ 150ው ነው። መንገዱ ከእንጦጦ ማዶ ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ ሲሆን ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ጠጠርና ጥቁር ጭቃ ነው። አንድ ሙሉ ክረምት አልፎበታል።

ሞተር ያየ ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ይሄዳል?» ብሎ ነው። ወረቀቱ ላይ 144.8 ሲሲ፣ በ7,500 ዙር 12 የፈረስ ጉልበት ይላል። ያ ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። እዚህ ከ2,500 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ባለ ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ዕቃ) ሞተር የሚያቃጥለው የሚተነፍሰውን ያህል ስለሆነ ከ12ቱ ጉልበት 9 ቢተርፍ ጥሩ ነው። ይህ ለሁሉም ብራንድ እኩል የሚቆረጥ ግብር ነው፤ ፈጣኑ የቲቪኤስ ሞተር አፓቼም ይከፍለዋል። አፓቼ በእርግጥ አስፋልቱ ላይ ጥሎህ ይሄዳል፤ ጠጠሩ ሲጀምር ግን ትደርስበታለህ።

የሚያስደስተው ሌላው ቁጥር ነው። ሞተሩ ከፍተኛውን የመጎተት ኃይል፣ 12.26 ኒውተን ሜትር፣ የሚሰጠው በ5,000 ዙር ነው፤ ሳይጮህ ማለት ነው። አንድ ሰውና ግማሽ ኩንታል ጤፍ ጭኖ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ሳይንተፋተፍ ይወጣል። ከ50 እስከ 60 ድምፁ ወፍራምና የረጋ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢነዳ ወገብ አይታመምም። ከ80 በላይ እጅ መደንዘዝ ይጀምራል፤ የባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሁሉ ጠባይ ነው። ከኋላ ሲኖትራክ፣ ከፊት አህያ ባለበት መንገድ 80 ለምን ያስፈልጋል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

የከፍታው ሁለተኛ መዘዝ ቤንዚን መብዛቱ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ማርሚታው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ካንዴላ እየቀየሩ መኖር መፍትሔ አይደለም። ዋናውን ጂግለር (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር ማሳነስ፣ ከዚያ ዳገት ላይ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቶ ሞተሩን እዚያው ማጥፋትና ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ነው። ጫፉ የተቆላ ገብስ ከመሰለ ልክ ነው። ከነጣ ቤንዚኑ አንሷል፤ ፒስተን ሳይጎዳ የድሮው ይመለስ። ወደ አዳማና ከዚያ በታች ለረጅም ጊዜ የሚወርድ ሰውም የፋብሪካውን ጂግለር መልሶ ይግጠም፤ ቆላ ላይ በትንሽ ጂግለር መንዳት ሞተር ማጋል ነው።

አሁን ወደ ታማኝነቱ። ቦክሰርና የቲቪኤሱን ኤችኤልኤክስ የሚነዱ ሰዎች ሲከራከሩ የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ይመስላሉ። ነገሩ ግን ከአርማ ፍቅር በላይ ነው። የፍሪሲዮን ገመድ ጫንጮ መግቢያ ላይ ቢበጠስ የሚቆመው ሦስተኛው ሞተረኛ ቦክሰር ነጂ ይሆናል፤ መቀመጫው ሥር ትርፍ ገመድ አይጠፋውም። መንደር ውስጥ ያለው መካኒክ ሞተሩን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል፤ የትኛው ብሎን ቶሎ እንደሚላላ፣ የትኛው ቁልፍ እንደሚገባ እጁ ያውቀዋል። መለዋወጫውን ሶማሌ ተራ ድረስ ሳይወርዱ ሱሉልታ ላይ ያገኙታል። ሲሸጥም ገዥው ብዙ አይጠይቅም። ፈጣን ግን ብርቅ የሆነ ሞተር የያዘ ሰው አንድ ጎሚኒ እስኪመጣለት ሁለት ሳምንት በታክሲ ይሄዳል።

ታማኝነቱ የሚፈተነው ካቴና ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ልዘግይ። የጠጠሩ አቧራ ከቅባት ጋር ተለውሶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ በክረምት በየሳምንቱ፣ በላምባና በብሩሽ ይታጠብ፤ ከደረቀ በኋላ በወፍራም ዘይት (90 ቁጥር ይሻላል) የውስጡ ጎን ይቀባ። ግራሶ አይቀባ፤ አቧራ ይሰበስባል። ልቀቱ የሚለካው መሐሉ ላይ ነው፦ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መጫወት አለበት። ብዙ ሰው ሞተሩ ባዶውን ቆሞ ያጠብቅና ሰው ሲጫንበት ካቴናው ይወጠራል፤ የኋላ ጎማ ኩሽኔታ የሚበላውም በዚህ ነው። ስለዚህ ካጠበቁ በኋላ አንድ ሰው አስቀምጦ እንደገና ማየት። ሁለቱ ጎን ያሉት ምልክቶች እኩል ካልሆኑ ደግሞ ጎማው ጠሞ ካቴናው የኮሮናውን (የኋላውን ባለ ጥርስ ክብ) አንድ ጎን ይልጣል።

ማለቁን ለማወቅ ሜትር አያስፈልግም። ካቴናውን ከኮሮናው የኋላ ጫፍ ላይ በጣት ወደ ኋላ መሳብ፤ ግማሽ ጥርስ ከታየ አብቅቶለታል። ያኔ ፒኞን (የፊቱ ትንሹ ጥርስ)፣ ኮሮናና ካቴና ሦስቱም አብረው ይቀየሩ። ለመቆጠብ ብሎ ካቴናውን ብቻ የቀየረ ሰው፣ የተቆለመመው አሮጌ ጥርስ አዲሱን ካቴና በጥቂት ወር ያረዝምበታል። ፎርጅዱም ብዙ ነው። ማሸጊያው ፍጹም ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል፤ ካቴናውን በጎኑ አግድም ይዞ ሲያነሱት እንደ ቀስት ከጎበጠ ግን አይገዛም። ጥሩ አዲስ ካቴና ቀጥ ማለት ይቀናዋል።

ፍሬኑ የዚህ ሞተር ደካማ ጎን ነው ብዬ አምናለሁ። ከፊትም ከኋላም ከበሮ የሆነውን ይዞ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርድ ሰው ፍሬን ረግጦ መውረድ የለበትም፤ ከበሮው ሲግል መያዙን ይተዋል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ዘግቶ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግና ፍሬኑን ቆረጥ ቆረጥ እያደረጉ መንካት ነው። ውኃ ከተሻገሩ በኋላም እየሄዱ ቀስ ብሎ በመያዝ ማድረቅ። ዲስክ ያለው ሞዴል ከተገኘ ልዩነቱን መክፈል አያስቆጭም።

የቀረው በአጭሩ፦ ሙሉ ታንክ 11 ሊትር ነው። ከሙሉ እስከ ሙሉ ሲለካ ዳገት በበዛበት በሊትር ከ40 እስከ 45 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። የጎማ ነፋስ (በፒኤስአይ) ከፊት 25፣ ከኋላ ለብቻ 28፣ ሰው ሲጫን 32። ነፋስ ያነሰበት ጎማ ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ከመነዳሪውን አፉ ላይ ይቀደዋል፤ ጎሚስታው «ሚስማር ነው» ቢል አትመኑት። ዘይት በየ2,000፤ አቧራው ያን ያህል ነው። ቫልቭ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይስተካከል። ትንሽ ችክችክታ ጤና ነው፤ ጭራሽ ድምፅ የጠፋበት ቫልቭ ነው የሚያሰጋው፣ ሳይዘጋ እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል።

ከ12,000 በኋላ ተራው የመሪው ኩሽኔታ ነው። የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ መሪው ቀስ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር፣ መሐል ላይ ጎድጓዳ ውስጥ እንደገባ ቆም የሚል ከሆነ ኳሶቹ ቤታቸውን በልተዋል፤ ማጥበቅ አይጠቅምም፣ ከነቤቱ ይቀየራል።